«በተግባር የሚማር ልጅ ነው» ተባልኩ፤ ደብተሩን ይተወው?

ጥያቄ፦ ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ደህና ተማሪ ነበር። ዘንድሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ሆኑበትና ውጤቱ ክፉኛ ወረደ። ትምህርት ቤቱ መጠይቅ አስሞላው። ከዚያ «ልጅዎ በእንቅስቃሴና በተግባር የሚማር ነው፤ በማንበብና በማዳመጥ አይገባውም» አሉኝ። ይህን ከሰማ ወዲህ ደብተር አልከፍትም ይላል። «በንባብ አይገባኝም፣ ተፈጥሮዬ ነው» ይለኛል። ታላቅ እህቱ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት «በማየት የምትማር» ተብላ ነበር፤ እሷ ማስታወሻዋን በአራት ቀለም እያሰመረች ታጠናለች። ለልጄ ቪዲዮና የመማሪያ መጫወቻ ልግዛለት? አስጠኚ ልቅጠር? ወይስ ትምህርት ቤት ልቀይርለት?

ምላሽ፦ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት። ልጅዎ ደብተሩን ይክፈት። ትምህርት ቤቱ የነገረዎት በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ግን ሐሳቡ በጥናት ሲፈተሽ አልጸናም። ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ይህ እውነት ነው። ልዩነታቸው ግን መጠይቁ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ አይደለም። የልጅዎ ችግር ያለበትን ቦታ ደግሞ እርስዎ ራስዎ በጥያቄዎ ውስጥ ጽፈውታል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ መጠይቁ ትንሽ ልበል። ከእነዚህ መጠይቆች በጣም የታወቀው «ቫርክ» ይባላል። ያዘጋጀው ኒል ፍሌሚንግ የተባለ የኒውዚላንድ የትምህርት ባለሙያ ነው፤ ሐሳቡን ከአንድ ባልደረባው ጋር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ተማሪዎችን በአራት ይከፍላል፦ በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በተግባር። ይህ አንዱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተሠራ አንድ ግምገማ ተማሪዎችን በዓይነት የሚከፍሉ 71 የተለያዩ አከፋፈሎችን ቆጥሯል። አንዱ በአራት፣ ሌላው በሁለት፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይከፍላል። አንድ ልጅ በአንዱ መጠይቅ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የጥያቄዎቹን ዓይነት ልብ ይበሉ። ለሰው መንገድ ስታሳይ ካርታ ትስላለህ ወይስ በቃል ትናገራለህ? አዲስ ዕቃ ስትገዛ መመሪያውን ታነባለህ ወይስ እየነካካህ ትሞክራለህ? ሁሉም «ምን ይቀልሃል፣ ምን ትመርጣለህ?» የሚሉ ናቸው። ልጁ ምን እንደተማረና በምን መንገድ ሲማር እንደገባው አይለኩም። አሁን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያስቡ። በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ፊቱ ተቀምጧል። «ማንበብ ይሻልሃል ወይስ በእጅህ መሥራት?» ሲባል ምን ይመልሳል? እኔም ብሆን በእጄ መሥራት እላለሁ።

ምርጫ መኖሩን ማንም አይክድም። ጥያቄው ሌላ ነው። ልጁን በመረጠው መንገድ ብናስተምረው የበለጠ ይማራል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን ለማጣራት ተነሡ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር፣ ሐሳቡ እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ማየት እንደነበረብን መወሰን ነው። «የዓይን» እና «የጆሮ» የተባሉ ተማሪዎች ይሰብሰቡ። ከሁለቱም ወገን ግማሾቹ በሥዕል፣ ግማሾቹ በቃል ይማሩ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይውሰዱ። ሐሳቡ ልክ ከሆነ የዓይን ልጆች በሥዕል ሲማሩ፣ የጆሮ ልጆች በቃል ሲማሩ የተሻለ ውጤት ማምጣት አለባቸው። ሁሉም በሥዕል ከተሻሻሉ ግን ሥዕሉ ጥሩ ማስተማሪያ ነበር ማለት እንጂ የዓይን ልጅ አለ ማለት አይደለም። ከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች አገላበጡ። አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ እንኳ አልነበሩም። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ጥቂቶች ውስጥ ደግሞ በርከት ያሉት ሐሳቡን የሚቃረን ውጤት አምጥተዋል።

ከዚያ በኋላም ሰዎች መሞከራቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ አንድ ጥናት አዋቂ ሰዎች ከአንድ መጽሐፍ የተወሰደ ክፍል ገሚሶቹ በድምፅ ሰሙ፣ ገሚሶቹ አነበቡ። «የጆሮ ሰው» የተባሉት በመስማታቸው፣ «የንባብ ሰው» የተባሉት በማንበባቸው ያገኙት ብልጫ አልነበረም። በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሰውነት አወቃቀርን የሚማሩ ተማሪዎች የቫርክን መጠይቅ ሞልተው አጠናናቸው ከውጤታቸው ጋር ተያየ። እንደ «ዓይነታቸው» ያጠኑት ካላጠኑት አልበለጡም። ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ትምህርት ቤቱን ግን አይቀየሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ መምህራን ሲጠየቁ ከእንግሊዞቹ 93 ከመቶ፣ ከኔዘርላንድሶቹ 96 ከመቶ የሚሆኑት ይህን ሐሳብ እንደሚቀበሉ ተናግረዋል። በሥልጠና ላይ ይሰጣል፣ በመጽሐፍ ይጻፋል፣ በቅን መምህር አፍ ይነገራል። አንዳንዴም ከሃዋርድ ጋርድነር ሐሳብ ጋር ይቀላቀላል። ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1983 የሰው የማሰብ ችሎታ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን የእኔ ሐሳብ ስለ መማሪያ ዓይነቶች አይደለም ብሎ በይፋ ተናግሯል።

ይህን ያህል ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ልጅዎ «ተፈጥሮዬ ነው» ብሏል። ይህ ቃል በጣም ያሳስበኛል። ቤተሰብ ድሮ ስለ አንድ ልጅ «ቀለም አይዘልቀውም» ሲል ልጁ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቢጥርም ባይጥርም ያው ነው ብሎ ያምናል። «በንባብ አይገባውም» ማለትም ቋንቋው ለስለስ ያለ ይሁን እንጂ ሥራው ያው ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ንባብን የተወ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ምን ይዞ ይገባል? ስለዚህ ልጁን አስቀምጠው በግልጽ ይንገሩት። መጠይቁ የሚወደውን እንጂ የሚችለውን እንዳልለካ ይንገሩት። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ይረዳል።

በነገራችን ላይ የማስተማሪያውን መንገድ የሚወስነው ከልጁ ይልቅ ትምህርቱ ነው። ዜማ ያለ ጆሮ የሚማር ሰው የለም። የኢትዮጵያን ወንዞች ያለ ካርታ ለማስተማር መሞከር ልጁን ማድከም ነው፤ «የጆሮ ልጅ» ቢባልም ካርታ ያስፈልገዋል። ዋና በንባብ አይለመድም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጠር የነበረውን ያስታውሱ። ልጁ ፊደሉን በስንጥር እየነካ፣ በዓይኑ እያየ፣ ጮክ ብሎ እየጠራ፣ የጓደኞቹን ድምፅ እየሰማ ነበር። ዓይንም ጆሮም እጅም አፍም በአንድ ላይ ነበሩ። ቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ አንብበው፣ በቃላቸው የያዙ ልጆችም እንደዚሁ። ማንም ልጁን በዓይነት አልከፈለውም።

የተከፈለበት ነገር ግን ነበር፤ ይህን ከልቤ አደንቃለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰበት ቦታ ይታወቅ ነበር። አንዱ ገና ሀሁ ላይ ነው፣ ሌላው አቡጊዳ ጀምሯል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱ ቀለም የሚቀበለው ከቆመበት ነበር። በመሠረቱ ተማሪዎች የሚለያዩት በዚህ ነው። ቀድሞ በሚያውቁት።

አዲስ ነገር የሚገባን ቀድሞ ካለን እውቀት ጋር ሲያያዝ ነው። ክፍልፋይ በደንብ የገባው ልጅና ያልገባው ልጅ አንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ መቶኛ ሲሰሙ፣ የሚሰሙት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ለአንዱ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው፣ ለሌላው ጨለማ ነው። መምህሩ ያኛውን «ፈጣን»፣ ይኼኛውን «ዘገምተኛ» ሊለው ይችላል። ያልገባውን ክፍልፋይ መልሶ ቢያስተምረው ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

አሁን ወደ ልጅዎ። እስከ ስድስተኛ ደህና ነበር ብለዋል። ሰባተኛ ላይ ወረደ። በክረምቱ ተፈጥሮው አልተቀየረም። የተቀየረው ቋንቋው ነው።

ይህ ልጅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላዕልና ታህት እያለ ክፍልፋይ ሠርቷል። አሁን ኒውሜሬተርና ዲኖሚኔተር ተባለ። ቀጤ ነክ መስመር ያውቃል፤ ፐርፔንዲኩላር ሲባል አያውቅም። ብርሃን አስተጻምሮን ተምሯል፤ ፎቶሲንተሲስ ሲባል አዲስ ነገር ይመስለዋል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያብላላው የሚችለው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ልጁ ያችን ትንሽ ቦታ ቃላቱን ለመተርጎም ከጨረሳት ለሒሳቡ ምን ይተርፈዋል? በእጁ ሲሠራ የሚገባው ለምን እንደሆነ ይታይዎታል? ዕቃ ሲነካ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም።

ይህን በቤትዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የሒሳብ መጽሐፉን ይክፈቱና አንድ የቃላት ጥያቄ ይምረጡ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንብቦ ይሥራ። ካቃተው ያንኑ ጥያቄ ዘመድ ወይም ጎረቤት በአማርኛ ይንገረውና ይሥራ። በሳይንስም እንዲሁ አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክሩ። በአማርኛ ከሠራው ችግሩ ቋንቋው ነው። በአማርኛም ካቃተው ወደ ኋላ ሄዶ የጎደለ ነገር አለ፤ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል መጽሐፎቹን አውጥቶ የት ላይ እንደተቋረጠ መፈለግ ነው። ይህ ከየትኛውም መጠይቅ የበለጠ ይነግርዎታል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፣ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ቋንቋው ሆኖ ከተገኘ የሚረዳው ነገር ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይፈልጋል። ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ከመስማቱ በፊት ባለው ምሽት የሚቀጥለውን ገጽ ይይ። የማያውቃቸውን ዋና ዋና ቃላት ይምረጥ፣ ከአምስት ስድስት አይብለጡ። በትንሽ ደብተር ላይ እንግሊዝኛውን፣ አማርኛውንና አንድ ምሳሌ ወይም ሥዕል ይጻፍ። መምህሩ ሲያስተምር ቃሉ ቢያንስ እንግዳ አይሆንበትም። ሐሳቡን በአማርኛ መረዳት ነውር አይደለም። በአማርኛ የገባው ነገር በእንግሊዝኛ ለመናገር ቃል ብቻ ነው የሚጎድለው።

ቀጥሎ አጠናኑ። ሁለቱንም ልጆችዎን ይመለከታል። ስለ ትልቋ በተለይ ልናገር፤ በአራት ቀለም ማስመር ብዙ ሰዓት ይበላል፣ ገጹም ያምራል። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የታወቁ የአጠናን ዘዴዎችን ሲመዝኑ፣ ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ገቡ። ከፍተኛ ጥቅም ያላቸው ብለው ያስቀመጧቸው ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ራስን መፈተን ነው። ሌላው ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማጥናት ነው። እነዚህ ለአንድ ዓይነት ተማሪ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም፤ ከልጅ እስከ አዋቂ ተሞክረዋል።

ራስን መፈተን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሙከራ ላሳይዎት። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት። ገሚሶቹ ግን ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ለ75 ከመቶ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ከመቶ አስታወሱ። ልጆች ለምን እንደሚታለሉ ይህ ያስረዳል። ማታ ደጋግሞ ያነበበ ልጅ «ገብቶኛል» ብሎ ይተኛል፤ እውነትም በዚያች ሰዓት ያውቀዋል። ፈተናው ግን ማታ አይደለም።

የቆሎ ተማሪ ይህን ሳይነገረው ሲሠራበት ኖሯል። ሌሊት ያጠናውን ጠዋት መምህሩ ፊት በቃሉ ያሰማል። ቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ተማሪው የሰማውን ይደግም ዘንድ ብቻ አይደለም የሚጠበቅበት፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። እኔ ራስን መፈተን ስል ሽምደዳ ማለቴ አይደለም። ሽምደዳ ቃሉን ይዞ ትርጉሙን ይተዋል። እዚህ ግን ልጁ ደብተሩን ዘግቶ «ይህ ለምን ሆነ? በራሴ ቃል እንዴት እነግረዋለሁ?» ይላል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያድርጉት። ልጁ አንድ ገጽ ያነባል። ደብተሩን ይዘጋል። የተማረውን ለእርስዎ በአማርኛ ይነግርዎታል። እርስዎ ሳይንሱን ማወቅ የለብዎትም፤ «እንዴት?»፣ «ለምን?»፣ «ምሳሌ ስጠኝ» ማለት ይበቃል። ሲጨርስ ደብተሩን ከፍቶ የረሳውን ራሱ ያርማል። በነጋታው ያንኑ ሳያይ ይሞክራል፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ። ሒሳብ ከሆነ ትናንት የሠራውን ጥያቄ መልሱን ሸፍኖ ዛሬ እንደገና ይሠራዋል። መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፣ ይረሳል፣ ይናደዳል። ያ መክበዱ ትምህርቱ እየገባ መሆኑ ነው፤ አይደንግጡ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ቢያጠና ሁለት ሰዓት ደብተር ላይ አፍጥጦ ከመቀመጥ እመርጥለታለሁ።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ካለዎት ይጠቀሙበት እንጂ ለዚህ ብለው ብዙ ገንዘብ አያውጡ። ቃልና ሥዕል አንድ ላይ ሲቀርቡ አብዛኛው ሰው የተሻለ ይረዳል። ግን ቪዲዮ ሲያዩ መዋል መማር አይደለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ አይቶ ያቁመው፣ ምን እንዳየ ይናገር፣ ይቀጥል። በእጅ መሥራትም እንዲሁ ጥሩ ነው፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ ልጅ ሁሉ። ወረቀት አጥፎ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ማየት ክፍልፋይን ያሳያል። ከዚያ ያጠፈውን በቁጥር ይጻፈው። ወደ ቁጥሩና ወደ ቃሉ ካልተሻገረ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

አስጠኚ ከቀጠሩ ቋንቋውንም ትምህርቱንም የሚችል፣ ልጁን የሚያናግር ሰው ይሁን። የቤት ሥራውን ሠርቶለት የሚሄድ አስጠኚ ገንዘብዎን ብቻ ይወስዳል። ከመቅጠርዎ በፊት አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ይመልከቱ። ከአስጠኚው ይልቅ ልጁ የበለጠ የሚናገር ከሆነ ይቅጠሩት። ትምህርት ቤት መቀየሩን ግን አሁን አልመክርም። ቋንቋው በሌላውም ትምህርት ቤት ይጠብቀዋል፣ በዚያ ላይ ጓደኞቹን ያጣል። ይልቅ የሒሳብና የሳይንስ መምህራኑን ያነጋግሩ። በቤት ያደረጉትን ሙከራ ይንገሯቸው። በየምዕራፉ መጀመሪያ ዋና ዋና ቃላቱን ለተማሪዎቹ አስቀድመው ቢሰጡ የሚጠቀመው የእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ እንደ እሱ ዝም ብለው የሚቸገሩ ብዙ ይኖራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይዘገይ ያድርጉ። ዓይኑን ያስመርምሩ፣ ጆሮውንም። ሰሌዳ በደንብ የማይታየው ልጅ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ሁሉም ሰው እንደ እሱ የሚያይ ይመስለዋል። በዚህ ዕድሜ ዓይን በዓመት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። መነጽር ያስፈለገው ልጅ «በማየት የማይማር» ተብሎ ሊታለፍ እንደሚችል ያስቡት። ዕንቅልፉንም ይዩ፤ ሌሊት ስልክ ላይ የሚያመሽ ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ በከንቱ ይቀራል።

በመጨረሻ አማርኛ ንባቡን ያድምጡ። ከአምስተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። ፊደል እየቆጠረ የሚሄድ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ፊደላትን የሚያምታታ ከሆነ፣ አንብቦ ሲጨርስ ያነበበውን መናገር ካልቻለ፣ ይህም ከትንሽነቱ ጀምሮ የነበረ ከሆነ፣ የማንበብ እክል ወይም ዲስሌክሲያ የሚባለው ሊኖር ስለሚችል በልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ መታየት አለበት። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ማሰብ አያቅተውም፤ ፊደልንና ድምፅን በሥርዓት እያያያዘ የሚያስተምረው ሰው ካገኘ ማንበብ ይማራል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። እስከ ስድስተኛ ደህና ነበር ስላሉኝ የልጅዎ ጉዳይ ይህ አይመስለኝም። ቢሆንም አንቀጹን ዛሬ ማታ ያስነብቡትና ይስሙት።